«ደም ብዛት» እና «የደም ግፊት»፦ የባህል መድኃኒት በዋድላ ደጋ ከቻይና ልምድ አንጻር

ጭምቅ ሐሳብ

ይህ ጽሑፍ ከፍተኛ የደም ግፊትን በባህል መድኃኒት ስለ ማከም የሚነሣውን ክርክር በሰሜን ወሎ ዞን ከዋድላ ወረዳና ከከተማዋ ከኮን አንጻር ይመረምራል። ለማነጻጸሪያ የተመረጠው የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው፤ ምክንያቱም በጽሑፍ የተደራጀ ጥንታዊ የሕክምና ዕውቀት ያላት ያች አገር ግፊትን በዕፅዋት ለማከም ያደረገችው ጥረት ከሌሎች ይልቅ በስፋት ተመርምሯል። ጽሑፉ የመስክ ጥናት አይደለም፤ የታተሙ ጥናቶችን በማነጻጸር የተዘጋጀ ነው። ሦስት ነጥቦችን ያቀርባል። አንደኛ፣ ለሕመሙ የተሰጠው የአማርኛ ስም ሕክምናው የሚፈለግበትን መንገድ ይወስናል። ሁለተኛ፣ በደጋው የሚታወቁት ዕፅዋት ያላቸው ማስረጃ እኩል አይደለም፤ አንዱን ከሌላው መለየት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ለደጋው ገጠር ከቻይና ልምድ ይበልጥ የሚጠቅመው የዕፅዋት ቅመማው ሳይሆን በመንደር ደረጃ የተዘረጋው ክትትል ነው።

1. መግቢያ

ኮን የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከጋሸና ወደ ወገል ጤና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ተልባ በሚበቅልበት ብርዳም ደጋ ላይ ትገኛለች። ዋድላ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ታሪክ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የአንድ የቅኔ ስልት መጠሪያ ሆኖ ይኖራል። ይህ ለጤና ጥናት ባዕድ ጉዳይ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ የዕፅዋት ዕውቀት በሁለት መንገድ ይተላለፋል። አንዱ በቤተሰብ ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በቃል የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ደብተራዎችና መድኃኒት አዋቂዎች በብራና እየጻፉና እየገለበጡ ያቆዩት መጽሐፈ መድኃኒት ነው። የፈረንሳዩ የባህል ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍን እ.ኤ.አ. በ1930 አሳትሟል። ስቴፋን ስትሬልሲንም የኢትዮጵያን የመድኃኒት ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ1968 ለኅትመት አብቅቷል። የቅኔ ትምህርት ባበበበት አገር መጽሐፉም መድኃኒቱም ከአንድ ማኅደር ሲወጡ ኖረዋል።

ከጋሸና የሚያልፈው የወልድያ–ወረታ መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና ባለሙያዎች በመሠራቱ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይባላል። ከሄናን ክፍለ ሀገር የሚላኩ የቻይና የሕክምና ቡድኖችም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ ቆይተዋል። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ስለዚህ ለአገሪቱ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን የቻይናው መድኃኒት ወደ ዋድላ ይምጣ የሚል አይደለም። ጥያቄው፣ ሕዝቧ በባህል መድኃኒቱ የሚተማመን አንዲት አገር ግፊትን ለመቆጣጠር ስትነሣ ምን አገኘች፣ ምንስ አጣች የሚል ነው።

ጉዳዩ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከፍ ያለ ግፊት ያለባቸው 16 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት መድኃኒት አይወስዱም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገመተው በዓለም ዙሪያ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ሕመሙ ነበረባቸው፤ ከእነርሱ ግማሽ የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር፤ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ከ5 ሰዎች የ1 ሰው ያህል ብቻ ነበር።

2. ስሙና ሕክምናው

በሕክምና ተቋማት የተለመደው ስያሜ «የደም ግፊት» ሲሆን በሕዝቡ አንደበት ግን «ደም ብዛት» የሚለው ገና አልጠፋም። ሁለቱ ስሞች አንድ በሽታን የሚጠሩ ቢመስሉም የሚሰጡት ሥዕል የተለያየ ነው። «ግፊት» የሚለው ደም በሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል ያመለክታል። «ብዛት» የሚለው ደግሞ በሰውነት ውስጥ ከመጠን ያለፈ ደም መኖሩን ያስባል። የበዛ ነገር ሲኖር መፍትሔው መቀነስ ነው፤ በዋግምት ወይም በብጣት ደም ማውጣት፣ ደምን «የሚያቀጥን» ወይም «የሚያጠራ» ቅጠል መጠጣት፣ ደም ያበዛል ከሚባል ምግብ መራቅ ከዚህ አስተሳሰብ በቀጥታ ይፈልቃሉ። ልማዱ ያለ ምክንያት የተፈጠረ አይደለም፤ ከስሙ ተነሥቶ በራሱ አመክንዮ የሚሄድ ነው። በተቃራኒው ደም ማነስ ያለበት ሰው ግፊት ሊኖርበት እንደማይችል መታሰቡም የዚሁ ስም ውጤት ነው። በእውነቱ ግን ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ በተለይ ኩላሊቱ በተጎዳ ታካሚ ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከስሙ ይልቅ ከሕመሙ ባሕርይ ይመነጫል። የጥንቱ መጽሐፈ መድኃኒት በሽታን የሚለየው በሚታይና በሚሰማ ምልክት ነው፤ ራስ ምታት፣ ውጋት፣ ተቅማጥ፣ እባጭ፣ ቁስል። ከፍተኛ ግፊት ግን በአብዛኛው ምልክት የለውም። ሰው ያወቀው በመሣሪያ ከለካው በኋላ ነው፤ ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚጠቀለለውን መለኪያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን ኮሮትኮቭ በማዳመጫ የመለካትን ዘዴ የገለጸው በ1905 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፈ ማንኛውም የመድኃኒት መጽሐፍ፣ የግእዝም ሆነ የቻይና፣ «የግፊት መድኃኒት» ሊኖረው አይችልም። ሊኖረው የሚችለው የራስ ምታት፣ የማዞር ወይም የልብ መምታት መድኃኒት ነው። ዛሬ አንድ ቅጠል «ከጥንት ጀምሮ ለግፊት ሲያገለግል የኖረ ነው» ሲባል መጠየቅ ያለበት፣ ጥንት ያገለገለው ለየትኛው ምልክት ነው የሚለው ነው።

የዚህ ልዩነት ዋጋ በታካሚው ዕለታዊ ኑሮ ላይ ይታያል። ሕመሙን በምልክት የሚያውቅ ሰው መድኃኒቱን «ሲነሣበት» ይወስዳል፤ ራስ ምታቱ ሲተወው ይተዋል። ባህላዊው መድኃኒትም ዘመናዊው ክኒንም በዚህ መንገድ ከተወሰዱ እኩል ከንቱ ይሆናሉ። ግፊቱ ከ140 በ90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ሆኖ ለዓመታት ሲቆይ የአንጎልን፣ የልብንና የኩላሊትን ሥሮች ያለ ድምፅ ይጎዳል። የመጀመሪያው ምልክት አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጎን የሚወርድ ሽባነት ይሆናል፤ ይህም በደጋው በብዙ ቦታ ለሌላ መንስኤ፣ ለመጋኛ ወይም ለክፉ መንፈስ፣ ስለሚሰጥ ከግፊቱ ጋር ሳይያያዝ ይቀራል።

3. የቻይና ልምድ፦ ቅመማው፣ መርፌውና ክኒኑ

የቻይና ባህላዊ ሐኪሞችም የገጠማቸው ይኸው የስም ችግር ነበር። በጥንት መጻሕፍታቸው የነበረው «ማዞርና ራስ ምታት» እንጂ ግፊት አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መለኪያው ሲመጣ የማዞሩን ትርጓሜ ወደ ግፊት አሸጋገሩት፤ የጉበት «ያንግ»፣ ማለትም ሞቃቱና ወደ ላይ የሚወጣው ኃይል፣ ከልክ አልፎ ወደ ራስ ሲወጣ ሕመሙ ይመጣል ተባለ። ለዚህ የሚታዘዘው ታዋቂ ቅመማ «ትየንማ ጎውተንግ ይን» ይባላል፤ በውስጡ የኦርኪድ ወገን የሆነ ተክል ሥርና እሾሃማ የሐረግ ቅርንጫፍን ጨምሮ በርካታ ዕፅዋት አሉበት። ቅመማው የተደራጀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በመሆኑ «ጥንታዊ» የሚባለው ነገር ምን ያህል አዲስ ሊሆን እንደሚችልም ያሳያል።

ማስረጃው ሲመረመር ውጤቱ የተደባለቀ ነው። የኮክሬን የጥናት ግምገማ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ቅመማ ሲመረምር የጥራት መስፈርቱን የሚያሟላ አንድም ሙከራ አላገኘም። በ2018 የወጣው የአኩፓንክቸር ግምገማ ደግሞ 1,744 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 22 ሙከራዎች ተመልክቶ፣ መርፌው ግፊትን ለአጭር ጊዜ ዝቅ ሊያደርግ ቢችልም በዘላቂነት ለመቆጣጠሩ ማስረጃ የለም ሲል ደምድሟል። ግፊት የዕድሜ ልክ ሕመም ስለሆነ የጥቂት ሰዓታት ወይም የጥቂት ቀናት ለውጥ ታካሚውን ከአደጋ አያድነውም።

በጎ ውጤት የተገኘበት ሙከራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ቀላል ግፊት ያለባቸውን 628 ሰዎች በዕጣ ከፍሎ፣ ከጥድ ቅጠል፣ ከኩድዙ ሥርና ከዕንቁ ዛጎል የተዘጋጀውን «ሶንግሊንግ ሽዌማይካንግ» ከሎሳርታን ጋር ለ8 ሳምንታት አነጻጽሯል፤ የዕፅዋቱ ዝግጅትም ከክኒኑ የማያንስ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ታካሚውም ሐኪሙም የትኛው መድኃኒት እንደሚወሰድ በማያውቁበት መንገድ መደረጉ ያስመሰግነዋል። ሆኖም የተለካው ግፊቱ ነው፤ በአንጎል ሥር መዘጋት ወይም በልብ ድካም ላይ ያለው ውጤት በ8 ሳምንታት ውስጥ ሊታወቅ አይችልም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዕፅዋት «ይሠራሉ» ወይም «አይሠሩም» የሚል አይደለም፤ እንደ ማንኛውም መድኃኒት በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ ይችላሉ የሚል ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። በቻይና «ባህላዊ» ተብለው ከሚሸጡት የግፊት ክኒኖች አንዳንዶቹ በውስጣቸው ዘመናዊ መድኃኒት አለባቸው። «ጀንጁ ጂያንግያ» የተባለው ክኒን የዕንቁ ዱቄትና የዱር አበባ ተዋጽኦ ቢኖረውም ከእነርሱ ጋር ክሎኒዲንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተጨምረውበታል። ክሎኒዲን በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱን ከቀድሞው በላይ ሊያስፈነጥር የሚችል መድኃኒት ነው። «ቅጠል ነው፣ ቢተውም አይጎዳም» ብሎ ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ሳያውቀው ወደ አደጋ ይገባል። ምልክት በሌለበት ዕቃ ወይም በማይነበብ ቋንቋ በተጻፈ ካርቶን የሚመጣ «የተፈጥሮ መድኃኒት» ሲገጥም ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከባህል መድኃኒት እውነተኛ የግፊት መድኃኒት የተገኘበት ታሪክም አለ፤ እርሱ ግን የቻይና ሳይሆን የሕንድ ነው። ሩስቶም ጃል ቫኪል የተባለው የቦምቤይ ሐኪም ሕንዳውያን ለብዙ ዘመን ሲጠቀሙበት የኖረውን የራውዎልፊያን ሥር በግፊት ሕሙማን ላይ ሞክሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1949 አሳተመ። በ1952 ከሥሩ ሬሰርፒን የተባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ። መድኃኒቱ ግፊትን በእርግጥ ዝቅ ያደርግ ነበር፤ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ግን ድባቴን እንደሚያስከትል ስለተስተዋለ መጠኑን መወሰን ግድ ሆነ። በቅጠል ወይም በሥር ውስጥ ኃይል ካለ ጉዳትም ይኖራል፤ ጉዳት የለውም የሚባል ነገር ብዙውን ጊዜ ኃይልም የለውም።

4. የደጋው ዕፅዋት በማስረጃ ሚዛን

በዋድላና በላስታ ደጋ እንዲሁም በገበያ በኩል ከቆላ የሚደርሱ፣ ለግፊት ይጠቅማሉ የሚባሉ ዕፅዋት ብዙ ናቸው። ከዚህ በታች በማስረጃቸው ጥንካሬ በሦስት ደረጃ ተከፍለዋል።

በሰው ላይ የተሞከሩ። በዚህ ረድፍ ቀዳሚው ተልባ ነው። በካናዳ የእግር ደም ሥር መጥበብ ባለባቸው 110 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሙከራ በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለ6 ወራት የወሰዱት ሰዎች የላይኛው ግፊት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ዝቅ ብሏል። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ተልባ ለዋድላ ገበሬ የውጭ ዕቃ አይደለም፤ በማሳው የሚያበቅለው፣ በጾም ተቆልቶና ተወቅጦ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ወይም በእንጀራ የሚፈተፈት ምግቡ ነው። ይሁን እንጂ በሙከራው የተወሰደው ተልባ ከዳቦና ከመሰል ምግብ ጋር የተፈጨ እንጂ በጨው የተበጠበጠ አልነበረም። በጨው የሚጠጣ ተልባ በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ሊነሣ ይችላል። ነጭ ሽንኩርትም በበርካታ ሙከራዎች መጠነኛ ለውጥ አሳይቷል፤ ከሙከራዎቹ ብዙዎቹ ግን የተሰናዳ ዱቄት ወይም ተዋጽኦ የተጠቀሙ ናቸው። ከቆላ የሚመጣው ከርከዴም እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በታተመና 65 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ በቀን 3 ስኒ ለ6 ሳምንታት ሲጠጣ የላይኛውን ግፊት በ7.2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲቀንስ፣ ማስመሰያውን የጠጡት 1.3 ብቻ ቀንሶላቸዋል።

በእንስሳት ላይ የተሞከሩ። ሽፈራው፣ ዶቅማና ድግጣ በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ተፈትነው ግፊትን የመቀነስ ምልክት አሳይተዋል። በደጋው ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ጦስኝ ነው። ጦስኝ የኢትዮጵያ ተራሮች ብርቅ ቅጠል ነው፤ በቀዝቃዛ ሜዳና በድንጋያማ ዳገት ዝቅ ብሎ ይበቅላል፤ ደርቆ ለሻይና ለወጥ ማጣፈጫ ይሸጣል፤ ለራስ ምታት፣ ለሳልና ለግፊትም ይጠጣል። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሽንት የማሸናት ባሕርይ እንዳለው አመልክተዋል። ይህ ግኝት ከልማዱ ጋር የሚስማማ ነው፤ ዘመናዊው ሃይድሮክሎሮታያዛይድም የሚጀምረው ከዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ለአይጥ በክብደቷ ልክ የተሰጠ የተዋጽኦ መጠንና አንድ ሰው በስኒ የሚጠጣው የሻይ መጠን አንድ አይደሉም። ከአይጥ ወደ ስኒ የሚወስደው ድልድይ ገና አልተሠራም።

በልማድ ብቻ የቆዩ። ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴና ሌሎችም በየደጃፉ የሚገኙ ቅጠሎች ለራስ ምታትና ለምች ይታወቃሉ፤ ከዚያ ተነሥቶ ለግፊትም እንዲሰጡ የሚያደርገው ድልድይ ምልክቱ ነው። ለራስ ምታት ማገልገላቸውን መካድ አያስፈልግም። ራስ ምታትን ማስታገስና ግፊትን መቀነስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን መለየት ያስፈልጋል። ምልክቱን አጥፍቶ በሽታውን የሚያቆይ መድኃኒት ታካሚውን የሚያስጠነቅቀውን ደወል ብቻ ይወስድበታል።

5. የጉዳት ጥያቄ

የኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና ለዓለም ያበረከተው አለ። ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ገብቶ ነበር፤ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር እንዶድ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ማስተዋላቸው የብልሃርዝያን መከላከያ ጥናት አስጀምሯል። ኮሶ ራሱ ግን መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ብርሃንን እስከ ማሳጣት የደረሰ ጉዳት ማድረሱ ተመዝግቧል። በባህል መድኃኒት አሰጣጥ ትልቁ ክፍተት የመጠን ጉዳይ ነው፤ «አንድ እፍኝ» እንደ እጁ ስፋት፣ የቅጠሉም ኃይል እንደ ወቅቱና እንደ አፈሩ ይለያያል።

ከቻይና ዕፅዋት የመጣው ትምህርት ደግሞ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት የተሰጣቸው ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ በምርመራ የተገኘው መንስኤ በአንደኛው ዕፅ ቦታ በስሕተት የገባ የአሪስቶሎኪያ ዝርያ ነበር። በብዙ የቻይና ቅመማዎች የሚገባው የሊኮሪስ ሥርም አብዝቶ ለወሰደው ሰው ሰውነቱ ጨውና ውኃ እንዲይዝ በማድረግ ግፊትን ይጨምራል፤ «ማ ኹዋንግ» የተባለው የኤፌድራ ዝግጅትም እንዲሁ። ለግፊት ተብሎ የተወሰደ ዕፅ ግፊትን ሊያባብስ ይችላል ማለት ነው።

ከዘመናዊ ክኒን ጋር መቀላቀልም መታሰብ አለበት። በፖታሲየም የበለጸጉ ቅጠሎችን አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ኢናላፕሪል የሚወስድ ከሆነና ኩላሊቱ ከደከመ የደሙ ፖታሲየም አደገኛ ደረጃ ሊደርስ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰድ ከአስፕሪን ጋር ተደምሮ መድማትን ሊጨምር ይችላል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጥንቃቄው ይጠብቃል፤ ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ፅንስ ሊያስወርድ እንደሚችል ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ ግፊትም ለእናትና ለልጅ ሞት ዋና መንስኤ ከሆኑት አንዱ በመሆኑ በቅጠል ተሞክሮ የሚቆይ ሕመም አይደለም።

6. ከቻይና በእርግጥ የሚወሰደው

ቻይና በገጠሯ ግፊትን በመቆጣጠር ረገድ በቅርብ ዓመታት ያገኘችው ትልቁ ውጤት ከቅመማ የመጣ አይደለም። በ326 መንደሮች ወደ 34,000 የሚጠጉ ሰዎች በተካተቱበት ሙከራ፣ ረጅም ሥልጠና የሌላቸው የመንደር ሐኪሞች ቀላል የሕክምና ቅደም ተከተል ተሰጥቷቸው፣ በዝቅተኛ ዋጋ ወይም በነፃ መድኃኒት እያደሉ፣ ታካሚው በቤቱ ግፊቱን እንዲለካ እያስተማሩ ሠሩ። ከ18 ወራት በኋላ ግፊታቸው ከ130 በ80 በታች የወረደላቸው በሙከራው መንደሮች 57 በመቶ ሲሆኑ በተለመደው አሠራር በቆዩት መንደሮች 19.9 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ3 ዓመት ውስጥም የልብና የአንጎል ሥር አደጋዎች በሦስተኛ እጅ ገደማ ቀነሱ። እነዚህ የመንደር ሐኪሞች ቀደም ሲል «ባዶ እግር ሐኪሞች» ይባሉ የነበሩት ወራሾች ናቸው።

ሁለተኛው የጨው ጉዳይ ነው። በ600 የቻይና መንደሮች 20,995 ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ከተለመደው ጨው ሩቡ በፖታሲየም ክሎራይድ ተተክቶ ሲሰጥ የአንጎል ሥር አደጋ በ14 በመቶ ቀንሷል። ታካሚው ልማዱን ብዙ ሳይለውጥ፣ ወጡም ጣዕሙን ሳያጣ የተገኘ ውጤት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን ከጥናቱ ውጭ መደረጋቸው መዘንጋት የለበትም።

ኢትዮጵያም ለዚህ የሚመች መዋቅር አላት። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የሠለጠኑ ባለሙያዎችን አሰማርቷል። ፕሮግራሙ የተቀረጸው በዋናነት ለእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ለተላላፊ በሽታዎችና ለአካባቢ ንጽሕና ነበር፤ የግፊት ክትትልን በስፋት ማካተቱ ቀጣይ ሥራ ነው። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት በጦርነት መጎዳታቸው ይህን ሥራ ይበልጥ ከባድ፣ ይበልጥም አስፈላጊ አድርጎታል። ክትትል ሲቋረጥ ባዶውን ቦታ የሚሞላው ቅርብ ያለው ቅጠል ነውና።

7. ለኮንና ለአካባቢው የሚከተለው ነጥብ

ከላይ የቀረበው ወደ ተግባር ሲለወጥ አምስት ሐሳቦችን ያስገኛል።

ሀ. ጥያቄውን መለወጥ። በጤና ጣቢያ «የባህል መድኃኒት ትወስዳለህ?» ተብሎ በወቀሳ ድምፅ የሚጠየቅ ታካሚ «የለም» ይላል። «ከክኒኑ ሌላ ለግፊቱ ምን ምን ትጠጣለህ? ምን ያህል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ለመናገር ይቀለዋል። መልሱ በካርዱ ላይ መመዝገብ አለበት።

ለ. ስሙን ማስተካከል። ለታካሚ ሲነገር ደሙ «በዛ» ሳይሆን ደሙ የሚሄድበት ቧንቧ «ጠበበ» ወይም «ተወጠረ» ቢባል ደም ማውጣት ለምን እንደማይረዳ፣ ክኒኑም ለምን በየቀኑ እንደሚወሰድ በራሱ ይገባል። ቧንቧ ሁልጊዜ እንደሚሠራ ሁሉ መድኃኒቱም ሁልጊዜ ነው።

ሐ. ከጾምና ከጠበል ጋር መታረቅ። ምእመናን በዓመቱ ውስጥ ብዙ ቀን እስከ እኩለ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ስለሚጾሙ የጠዋት ክኒን ይታለፋል። በብሪታንያ 21,104 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት መድኃኒቱን ማታ መውሰድ ጠዋት ከመውሰድ ጋር በጥቅሙ እኩል መሆኑን አሳይቷል። ለጾመኛ አምሎዲፒን ከእራት በኋላ ቢታዘዝ ክኒኑም ጾሙም ይጠበቃሉ፤ የሚያሸናው ክኒን ግን ሌሊት እንቅልፍ ስለሚነሣ ጾሙ እንደተፈታ ቢወሰድ ይሻላል። ስለ ጠበልም አብነት አለ፤ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ያ ቃል ለግፊት የማይሠራበት ምክንያት የለም።

መ. መድኃኒት አዋቂውን ማቅረብ። ሰው ወደ እርሱ የሚሄደው ስለሚያምነው ነው። ደብተራውና መድኃኒት አዋቂው ራስ ምታትና ማዞር ያለበትን አዋቂ ሰው ከሁሉ በፊት ግፊቱን እንዲለካ ቢልኩት፣ የወሰዱትን እምነት ለሕይወት ማዳኛ ያውሉታል። ከዚህ ጋር ዕውቀታቸውን ሲያካፍሉ የባለቤትነት መብታቸው መጠበቅ አለበት።

ሠ. ጦስኝን በሥርዓት ማጥናት። ቀጣዩ ደረጃ የአይጥ ጥናትን መድገም አይደለም። ቀላል ግፊት ባለባቸውና በሐኪም ክትትል ሥር በሆኑ ፈቃደኞች ላይ፣ መጠኑ በታወቀ የጦስኝ ሻይ፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ባለበት ሙከራ ማድረግ ነው። ጥናቱ ከጥበቃ ጋር ካልተያያዘ ግን ጉዳት ያመጣል፤ ጦስኝ ከነሥሩ ሲነቀል በተራራው ላይ መልሶ አይተካም። የገበያ ፍላጎቱ ከማረጋገጫው ቀድሞ ካደገ ቅጠሉ ከመመርመሩ በፊት ሊያልቅ ይችላል።

8. ማጠቃለያ

በዋድላ ደጋ የባህል መድኃኒትና ዘመናዊ ሕክምና ተቀናቃኝ ሆነው የሚታዩት ሁለቱም ስለ ተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ነው፤ አንዱ ስለሚሰማ ሕመም፣ ሌላው ስለማይሰማ ቁጥር። የቻይና ታሪክ እንደሚያሳየው ሁለቱን ለማስታረቅ ለአሮጌ ቅመማ አዲስ ስም መስጠት አይበቃም። ቅመማው በሰው ላይ፣ በማነጻጸሪያ፣ በበቂ ጊዜ መፈተን አለበት፤ ፈተናውን ያለፈው ይያዛል፤ ያላለፈው ለሚያስታግሰው ምልክት ብቻ ይቀራል። እስከዚያው ግን ታካሚውን ከአደጋ የሚያድነው ግፊቱ በቤቱ አጠገብ መለካቱ፣ ክኒኑ ሳይቋረጥ መድረሱና የወጡ ጨው መቀነሱ ነው። ተልባው በማዕድ፣ ጦስኙም በስኒ ከክኒኑ ጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በክኒኑ ቦታ ግን ገና አይቀመጡም።